ተፈትቶ የቀረ ያማሃ

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግቢ ለዓመታት ተፈትቶ የቆመ፣ ዕቃው የጎደለ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ጥገናው ከምን ይጀመራል?

መልስ፦ ከሊብሬው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ብር ማውጣት ከንቱ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም ከ2011 ዓ.ም ወዲህ ሞተር ሳይክል የሚንቀሳቀሰው በፈቃድ ነው። የጎደለው ዕቃ ተመዝግቦ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል።

ዋናው ሥራ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚቃጠል ዘይት ነው፤ የዘይት ፓምፑ ካልሠራ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ለማስነሳት ከመሞከሩ በፊት ካንዴላው ወጥቶ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረጋል፤ ሞተሩም በእጅ ቀስ ተብሎ ይዘወራል። ካርቡሬተሩና የዛገው የቤንዚን ቋት ይታጠባሉ፤ የደረቀ ጎማና ያለቀ የፍሬን ሸራ ይቀየራሉ። ቀለም የመጨረሻው ነው፤ ከቀለም የጀመረ ሰው ሞተሩ ጋ ሳይደርስ ገንዘቡ ያልቃል።