የእጅ ሥራ ስጦታና የልብ ዕረፍት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤ እናት ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ፣ ሸማኔው ሠርቶት፣ ለአባት ጋቢ ማልበስ በአገራችን የቆየ የፍቅር ምልክት ነው። በኪሮሽ የሚሠራ ዳንቴልና በመርፌ የሚሠራ ሹራብም ከዚሁ ወገን ናቸው። የዛሬው ትምህርታችን፣ እንዲህ ያለው ስጦታ ተቀባዩንም ሠሪውንም እንደሚያጽናና ያስረዳል።

1ኛ/ ተቀባዩን እንዴት ያጽናናል?

ጣቢታ በኢዮጴ ባረፈች ጊዜ መበለቶች እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት እርሷ በእጇ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር (የሐዋ. 9፥36-42)። ሐናም ለእግዚአብሔር ለሰጠችው ልጅዋ ለሳሙኤል በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር (1ሳሙ. 2፥19)። በእጅ የተሠራ ልብስ፣ አንድ ሰው ስለ እኔ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ አስቧል ያሰኛል።

ጥቅሙም ለሥጋ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በራሱ በኩል ብዙ ሙቀት ያጣል። ስለዚህ እንደ አማኑኤል ባለ ደጋ፣ በክረምት ብርድ፣ ለአራስ ቤት የምትሰጥ አንዲት የክር ኮፍያ ትልቅ ስጦታ ናት።

2ኛ/ ሠሪውን እንዴት ያሳርፋል?

አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ሐሳብ በዝቶበት ልቡ ታወከ፤ ምን ላድርግ ብሎም እግዚአብሔርን ለመነ። ወዲያው እርሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ የዘንባባ ቅጠል ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞም ተቀምጦ ሲሠራ አየ። ያም ሊያስተምረው የተላከ መልአክ ነበር። እጅ ሥራ ሲይዝ፣ ዐይን ቀለበቱን ሲቆጥር፣ ጭንቀት ቦታ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ከተጠየቁት ከ3500 በላይ ሹራብ ሠሪዎች መካከል፣ ዘወትር የሚሠሩት ይበልጥ መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል።

በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ወጣቶች ከትምህርት ገበታ ርቀው በቤት በሐሳብ ተውጠው እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን። ሥራ የፈታ እጅ ሐሳብን ያበዛል። ነገር ግን እንቅልፍና ምግብ እስኪያጣ ድረስ የተጨነቀ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ኪሮሽ ብቻውን አይበቃውም፤ ወደ ንስሐ አባቱና ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

3ኛ/ እኛስ ምን እናድርግ?

ሀ. ከትንሹ እንጀምር። ክር መግዣ ባይኖር ያረጀ ሹራብ ተተርትሮ፣ ክሩ ታጥቦና ደርቆ ለኮፍያ ይሆናል።

ለ. ወንዶችም የሴት ሥራ ነው ብለን አንናቅ። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር (የሐዋ. 18፥3)፤ ሸማኔዎቻችንም ወንዶች ናቸው።

ሐ. በሰንበትና በበዓል መርፌው ይቀመጥ። ያን ቀን የሠራነውን ይዘን ሕመምተኛውን፣ አራሷንና ብቸኛውን አረጋዊ እንጠይቅ። ስጦታው ያለ ጉብኝት ግማሽ ነው።

መ. ለታይታ አንስጥ፤ ቀኝ የሠራውን ግራ አትወቅ (ማቴ. 6፥3)።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ልብሱን ያሳዩት ለምንድን ነው?
2. በሰፈራችሁ በዚህ ወር ልትጠይቁት የሚገባ ሰው ማን ነው? ምንስ ትሠሩለታላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።