እርከንና ብድር፦ ዝናብ በሚያጥርበት ምድር



ዝናብ በሚያጥርበት ምድር የሚኖር ገበሬ ሁለት ነገሮችን ያጣል። አንደኛው በጎርፍ የሚታጠበው አፈሩ ነው፤ ሁለተኛው በክፉ ቀን የሚሸጠው ጥሪቱ ነው። አፈሩ ሲሄድ ምርቱ ይቀንሳል፤ በሬው ሲሸጥ ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ቢመጣም የሚያርስበት የለውም። ስለዚህ የአንድ ዓመት ድርቅ ቤተሰብን ለብዙ ዓመታት ሊያደኸይ ይችላል።

በሀገራችን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ይህን ጉዳት ለመግታት የታሰበ ነው። ከዚያ አስቀድሞ እርዳታ የሚጠየቀው በየዓመቱ ችግሩ ከደረሰ በኋላ ስለ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ጥሪት ተሸጦ ካለቀ ወዲያ ይደርስ ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚያገኛቸው ቤተሰቦች አስቀድመው ተለይተው እህል ወይም ገንዘብ እንዲያገኙ ተወሰነ። መሥራት የሚችሉት እርከን፣ ክትር፣ ኩሬና የገጠር መንገድ ይሠራሉ፤ ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ያለ ሥራ ይረዳሉ።

እርከን የሚሮጠውን ውኃ ያዘገየዋል፤ የዘገየውም ውኃ ወደ መሬት ይሰርጋል። ከብት እንዳይገባበት የተከለለ ተራራም ሣርና ቁጥቋጦ ያበቅላል። ይሁን እንጂ ክልከላው ጥቂት ፍየሎቹን በዚያ ተራራ ያሰማራ የነበረውን ድኻ ይጎዳዋል። ሣሩ እየታጨደ በትክክል ካልተከፋፈለ፣ የሁሉ የሆነው ሥራ ለጥቂቶች ብቻ ይጠቅማል።

ከዚህ ጎን ለጎን ለበግና ለፍየል እርባታ፣ ለከብት ማደለብና ለንብ ማነብ ብድር ይሰጥ ጀመር። መሬት የማይሸጥ በመሆኑ፣ አበዳሪዎች ብዙውን ጊዜ ዋስትና ያደረጉት ጎረቤታሞች በቡድን ሆነው አንዱ ለሌላው እንዲቆም ነው። ነገር ግን ዝናብ ሲቀር ከብቱ ይከሳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ዕዳው ግን አይቀንስም። ያን ጊዜ ያልተበደረው ቤት እንኳ ሳይቀር በጎረቤቱ ዕዳ ይታወካል፤ ጉርብትናም ይሻክራል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ብልኅነት ነው። በመጀመሪያ አፈሩና ውኃው ይያዝ፤ ከዚያም መኖው ይገኝ፤ ብድሩ በመጨረሻ ይምጣ። መኖ ሳይኖር በብድር የተገዛ ከብት ቤቱን ከማበልጸግ ይልቅ ያስጨንቀዋል። መበደር የሚሻ ሁሉ የመክፈያው ቀን ከመከሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዝናብ ቢቀር በምን እከፍላለሁ? ብሎ ፊርማውን ከማኖሩ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለውይይት፦
1. በአካባቢያችን ከተከለለው መሬት የሚገኘውን ሣር የሚያገኙት እነማን ናቸው?
2. ጎረቤታችን በድርቅ ምክንያት ዕዳውን መክፈል ቢያቅተው የእኛ ድርሻ ምንድር ነው?