ለአንድ ምሽት የተያዘ ኮንትራት

 

ግንቦት ሲጋመስ ከ12ኛ ክፍል ልጆች የሚመጣልኝ ጥያቄ ይመሳሰላል። «ኡስታዝ፣ ለሽኝታችን ማታ መኪና ኮንትራት ልንይዝ ነው፤ ሐራም ነው እንዴ?» አዲስ አበባ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ምሽቱን «ፕሮም ናይት» ይሉታል፤ ለዚያ ብሎ ሊሞዚን የሚከራይም አለ። እኛ ዘንድ፣ መካነ ሰላምም በሉት አቀስታ ወይም ወግዲ፣ ሊሞዚን ከየት ይመጣል? ዶልፊን ሚኒባስ ነው፣ የአንዱ ልጅ አጎት ፒካፕ ነው፣ ሪባን የታሰረበት ባጃጅ ነው። ዕቃው ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው።

አጭሩ መልስ፦ መኪና መከራየት በራሱ ሐላል ነው። መድረሳ የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ፣ በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ «ኢጃራ» የሚባል ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ፤ የኪራይ ሕግ ማለት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ለሕይወታቸው ትልቁ ጉዞ ሰው ቀጥረዋል። በሂጅራው ጊዜ እርሳቸውና አቡበክር (ረ.ዐ) መንገድ የሚመራቸው ከበኒ ዲል ጎሣ አንድ ሰው በክፍያ ያዙ። ሰውየው በዚያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም፤ ግን ሥራውን የሚያውቅና የሚታመን ነበር። ግመሎቹን አስረከቡት፤ ከሦስት ሌሊት በኋላ ሰውር ዋሻ ዘንድ እንዲገናኙ ተቀጣጠሩ፤ እርሱም በቀጠሮው ደረሰ። ቦታው ታወቀ፣ ቀኑ ታወቀ፣ ሥራው ታወቀ። ኢጃራ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ ተቆርጦ መታወቅ አለበት።

ስለዚህ «ስንመለስ እንነጋገራለን» ብሎ መኪና መያዝ ጠብ ማስቀመጥ ነው። ስንት ሰዓት ይጠብቃል? መመለሻው በዋጋው ውስጥ አለ? ነዳጁስ በማን ነው? ደላላ ካለ የእርሱን ከማን ላይ ይወስዳል? ቀብድ ስትሰጡ እነዚህ ተነግረው፣ በሁለት ሰው ፊት ይለቁ። ሹፌሩንም ሌሊቱን በር ላይ አስቀምጣችሁ ጠዋት ሒሳብ አትከራከሩት። የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል የታዘዝነው ለሹፌርም ነው።

እስከዚህ ቀላል ነው። የሚከብደው ገንዘቡ የሚወጣበት ኪስ ነው።

በዚያው የሂጅራ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናልፋት ነገር አለች። አቡበክር ለጉዞው ብለው ሁለት ግመሎችን ለወራት ሲቀልቡ ቆይተዋል። ጊዜው ሲደርስ አንዷን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቀረቡ። ረሱልም በዋጋዋ ካልሆነ አልወስድም አሉ። አስቡት፤ ከአቡበክር በላይ ወዳጅ የለም፣ ሰውየውም ሙሉ ሀብታቸውን ቢሰጡ ደስ የሚላቸው ናቸው። ቢሆንም ረሱል የሚቀመጡበትን ዋጋ ከፍለው ተቀመጡ።

አሁን ወደ ክፍላችሁ ልመልሳችሁ። ኮሚቴ ይመረጣል፤ ለቲሸርት፣ ለኬክ፣ ለአዳራሽና ለመኪና ተብሎ መዋጮ ይቆረጣል። የከፈለ ስሙ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጠፋል፤ ይህ ማለት ያልከፈለም ታወቀ ማለት ነው። ያልከፈለው ማነው? ብዙ ጊዜ ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ነው። ቅዳሜ ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የሚመለሰው። ለእርሱ ያ መዋጮ የእናቱ የሁለት ገበያ እንቁላል ወይም አባቱ ለማዳበሪያ ያስቀመጡት ገንዘብ ነው። አይናገርም። ተበድሮም ቢሆን ያመጣል፤ ምክንያቱም አፈረ።

ወንድሜ፣ ዑለሞች ስለዚህ ሐፍረት ተናግረዋል። ኢማም አል-ገዛሊ ሰዎች ባሉበት የተጠየቀና እንዳያፍር ብቻ ብሎ የሰጠ ሰው ገንዘብ ለተቀባዩ ንጹሕ እንዳልሆነ ያስረዳሉ፤ ሌሎች የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንትም በሐፍረት የተወሰደን በጉልበት ከተቀማ ጋር ያመሳስሉታል። መሠረቱም የሰው ገንዘብ ልቡ ወዶ ካልሰጠው በቀር አይፈቀድም የሚለው የነቢዩ ትምህርት ነው። እንግዲህ ሪባን የታሰረበትን መኪና ሐራም ሐላል ከማለታችን በፊት የመዋጮውን ዝርዝር እንየው። ችግሩ እዚያ ላይ ካለ መኪናው ምንም ቢያምር አይጠቅመንም። በአማርኛችንም የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ኮሚቴ ላይ ያላችሁ፣ መዋጮውን በግል ተቀበሉ፤ መጠኑን እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ይወስን፤ ማን ስንት እንደሰጠ ከአንድ ገንዘብ ያዥ በቀር አይወቅ። የከፈለም ያልከፈለም አንድ መኪና ላይ ይቀመጥ። የተሰበሰበው ዶልፊን ካልያዘ ባጃጅ ይይዛል፤ ባጃጅም ካልያዘ መካነ ሰላም ከዳር እስከ ዳር በእግር የማይዘለቅ ከተማ አይደለም።

«ታዲያ መደሰት አይቻልም?» ትሉኛላችሁ። ይቻላል እንጂ! በሱረቱ ነሕል አላህ ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን የፈጠረልን እንድንቀመጥባቸውና ጌጥም እንዲሆኑልን መሆኑን ይነግረናል። መጓጓዣ ጌጥ መሆኑ የተወገዘ ነገር አይደለም፤ የወሎ አያቶቻችንም ለሠርግ በቅሎ ሲሸልሙ ኖረዋል።

ግን በሱረቱል ቀሰስ ሌላ አጀብ አለ፤ የቃሩን። በጌጡ ተሽሞንሙኖ ወደ ሕዝቡ ወጣ። ይህን ታሪክ ስንሰማ ዓይናችን ቃሩን ላይ ነው፤ ቁርኣኑ ግን ዞር ብሎ መንገድ ዳር የቆሙትን ያሳየናል። ከፊሎቹ «ምነው ለእኛም በሆነልን» ብለው ተመኙ። ዕውቀት የተሰጣቸው ደግሞ የአላህ ምንዳ ይበልጣል አሏቸው። ቃሩን ምድር ስትውጠው የተመኙት ሰዎች ደነገጡ። ክላክስ እየነፋችሁ ከተማውን ስትዞሩ መንገድ ዳር የሚቆመው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፦ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ ትምህርቷን አቋርጣ ቡና የምታፈላ እህት፣ መንገድ ሲዘጋና ትምህርት ሲቋረጥ ዓመት ያለፈው ወንድም። ዙረቱ ለእነርሱ ምን ብሎ እንደሚያልፍ አንድ ጊዜ አስቡበት። በፒካፕ ጭነት ላይ ቆሞ፣ በመስኮት ወጥቶ መጨፈሩንማ አልዘረዝረውም፤ ነፍስ አማና ናት።

ከዚያ ደግሞ ወደ በድር ጉዞ ሂዱ። ግመል አንሶ ለሦስት ሰው አንድ ሆነ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ)፣ ዐሊይና አቡ ሉባባ አንዲቱን ግመል በተራ ይቀመጡባት ነበር። ሁለቱ «እኛ እንሂድልዎት» ቢሏቸው እምቢ ብለው በተራቸው በእግራቸው ሄዱ። በሌላ ጉዞም ትርፍ መጓጓዣ ያለው ለሌለው እንዲሰጥ አዘዋል፤ ሐዲሱ ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ነው፤ ዘጋቢው አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ ከዚያ ወዲያ ማናችንም በትርፋችን ላይ መብት የሌለን መሰለን ይላል። ትርፍ ወንበር ማለት ይህ ነው። ዶልፊኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ ለልብሳችሁ ማስቀመጫ አይሁን። ክርስቲያን የክፍል ጓደኞቻችሁም በመዋጮውም በወንበሩም እኩል ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። ሽኝቱ የሚደረገው ከፈተናው በፊት ነው። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ማለትም ከ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ፣ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ከአካባቢው ይወጣል። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ላስፈራራችሁ አይደለም። ለአንድ ምሽት መኪና የሚወጣው ገንዘብ ለፈተናው ጉዞ ስንቅና ትራንስፖርት የጨነቀውን ልጅ ሊያደርስ እንደሚችል እንድታዩት ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነባችሁ እኔ የቱን እንደምመርጥ ገብቷችኋል።

ስለ ሙዚቃውና ስለ ጭፈራው ሌላ ጁሙዓ እንነጋገራለን፤ ዛሬ ጉዳያችን መንገዱ ነው። መነሻችሁን ከመግሪብ ሶላት በኋላ አድርጉ፤ ዒሻንም የት እንደምትሰግዱ አስቀድማችሁ ወስኑ። ስትሳፈሩ የመሳፈሪያውን ዱዓ አትርሱ፤ መጨረሻው ወደ ጌታችን ተመላሾች መሆናችንን የሚያስታውስ ነው።

እህቴ፣ ማታ ከማታውቂው ሹፌር ጋር ብቻሽን ባጃጅ ውስጥ አትግቢ፤ ወንድምሽ ወይም አባትሽ ይምጡ፤ ካልሆነም ሴቶች ተሰብስባችሁ አንድ መኪና ያዙ። ኮሚቴዎች፣ የመመለሻውን ዙር ከመሄጃው አስቀድማችሁ አዘጋጁት፤ ከከተማው ዳር የተከራዩት መጀመሪያ ይሸኙ። ሹፌሩም እያንዳንዷ እህት በሯ ተከፍቶላት እስክትገባ ድረስ መብራቱን ሳያጠፋ ይጠብቅ፤ ይህንንም ቀብዱን ስትሰጡት ንገሩት።