ዲሚናዚን ከዲኤንኤ ጋር የሚተሳሰርበት መንገድ፦ መለኪያዎቹ ምን ያረጋግጣሉ?

መግቢያ

በኢትዮጵያ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ቆላማ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ በከብት ሀብት ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። በሽታውን ለማከምና ለመከላከል በዋናነት የሚያገለግሉት መድኃኒቶች ዲሚናዚን፣ አይሶሜታሚዲየም እና ሆሚዲየም ናቸው። ሦስቱም ከዲኤንኤ ጋር የሚተሳሰሩ አነስተኛ ሞለኪውሎች ናቸው። ሆሚዲየም ብሮማይድ በቤተ ሙከራ የዲኤንኤ ማቅለሚያ ሆኖ የሚታወቀው ኢቲዲየም ብሮማይድ ራሱ ነው፤ አይሶሜታሚዲየም ደግሞ የሆሚዲየምንና የዲሚናዚንን ክፍሎች በአንድ ሞለኪውል ያጣመረ ነው።

ሦስቱንም መድኃኒቶች የሚቋቋም ትራይፓኖሶማ ኮንጎሌንሴ በጊቤ ሸለቆ መገኘቱ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተመዝግቧል። አዳዲስ ውሁዶችን ለማዘጋጀት የሚደረገው ጥረት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዲኤንኤ ጋር ያላቸውን ትስስር ከመለካት ነው። ስለሆነም ልኬቱ ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ መለየት መሠረታዊ ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ዲሚናዚንን እንደ ማሳያ በመውሰድ ጥያቄውን ይመረምራል።

የትስስሩ መዋቅራዊ መሠረት

ዲሚናዚን በሁለት ጫፎቹ አሚዲን የተሸከሙ ሁለት የቤንዚን ቀለበቶች በሦስት የናይትሮጂን አቶሞች ድልድይ የተያያዙበት ሞለኪውል ነው። በገለልተኛ ፒኤች ሁለቱም አሚዲኖች ፕሮቶን ስለሚቀበሉ ሞለኪውሉ ሁለት አዎንታዊ ሙል ይይዛል። ቅርጹም በመጠኑ የጎበጠ በመሆኑ ከዲኤንኤ ጠባብ ቦይ ጥምዝ ጋር ይስማማል።

ይህ ቦይ ይበልጥ የሚጠበው አዴኒንና ታይሚን በተደጋገሙበት ስፍራ ነው። በዚያም የአሚዲኖቹ ሃይድሮጂኖች ከአዴኒን ሦስተኛ ናይትሮጂን ወይም ከታይሚን ሁለተኛ ኦክስጅን ጋር የሃይድሮጂን ትስስር ይፈጥራሉ። ጓኒን ባለበት ስፍራ ግን ወደ ቦዩ የሚወጣው የአሚኖ ቡድን መንገዱን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የክሪስታል መዋቅር ዲሚናዚን በአሥራ ሁለት የቤዝ ጥንድ ዲኤንኤ መካከል በሚገኘው የኤ-ኤ-ቲ-ቲ ስፍራ ጠባብ ቦይ ውስጥ መቀመጡን አሳይቷል። በአንደኛው ጫፍ በአሚዲኑና በቤዙ መካከል የውሃ ሞለኪውል አገናኝ ሆኖ መገኘቱ፣ ውሃ የትስስሩ አካል እንጂ ከበስተኋላ ያለ ነገር ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል።

የትራይፓኖሶማ ኪኔቶፕላስት ዲኤንኤ እርስ በርስ በተሰናሰሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ክቦች የተሠራና በአዴኒንና በታይሚን የበለጸገ ነው። መድኃኒቱ በዚህ ዲኤንኤ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከዚህ ምርጫው ጋር ይዛመዳል።

መለኪያዎቹና ወሰናቸው

የብርሃን መምጠጥ ልኬት ቀላሉ መነሻ ነው። ዲኤንኤ በ260 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ሲመጥ፣ ዲሚናዚን ግን በ370 ናኖሜትር አካባቢ ስለሚመጥ ሁለቱን መለየት ይቻላል። ዲኤንኤ ደረጃ በደረጃ ሲጨመር የሚታየው ለውጥ ትስስር መኖሩን ይመሰክራል፤ የትስስሩን ዓይነት ግን ብቻውን አይወስንም።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት ነጻ የሆነውን ሊጋንድ መጠን ከጠቅላላው መጠን ጋር እኩል አድርጎ መውሰድ ነው። የመለያያ ቋሚው 1 ማይክሮሞላር የሆነ ሊጋንድ 1 ማይክሮሞላር ሆኖ ከ1 ማይክሮሞላር የትስስር ስፍራ ጋር ቢቀላቀል፣ ትክክለኛው ስሌት 38 በመቶ ብቻ እንደሚተሳሰር ያሳያል። ይህን ውጤት ያየ ሰው ነጻው መጠን 1 ማይክሮሞላር ነው ብሎ ቢያሰላ የመለያያ ቋሚውን 1.62 ማይክሮሞላር ያደርገዋል። የስፍራዎቹ መጠን ከመለያያ ቋሚው እጅግ ሲበልጥ ደግሞ ሙከራው የሚናገረው ስለ ስፍራዎቹ ብዛት እንጂ ስለ ትስስሩ ጥንካሬ አይሆንም።

በኢቲዲየም ፍሎረሰንስ ላይ የተመሠረተው የፉክክር ሙከራም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ኢቲዲየም በቤዝ ጥንዶች መካከል ሲሰካ ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ሌላ ሞለኪውል ሲገባ ብርሃኑ ይቀንሳል። ነገር ግን መቀነሱ ሁለቱ በአንድ ስፍራ ተፎካክረዋል ለማለት አያበቃም። በጠባቡ ቦይ የተቀመጠ ሞለኪውል የዲኤንኤውን ቅርጽ በመለወጥ ኢቲዲየምን ሊያስወጣ፣ ወይም ብርሃኑን ራሱ ሊያጠፋ ወይም ሊመጥ ይችላል።

የትስስሩን ዓይነት ለመለየት የዝልግልግነት ልኬት ይጠቅማል። በቤዝ ጥንዶች መካከል የሚሰካ ሞለኪውል ጥንዶቹን በ0.34 ናኖሜትር ገደማ ስለሚያራርቅ ዲኤንኤው ይረዝማል፤ የመፍትሔው ዝልግልግነትም ይጨምራል። በቦይ የሚቀመጥ ሞለኪውል ግን ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። የክብ ዳይክሮይዝም ልኬት ሌላ ምስክር ይጨምራል፦ ብቻውን ሲሆን ምንም ምልክት የማይሰጠው ዲሚናዚን በጠባቡ ቦይ ሲቀመጥ በራሱ የመምጠጫ ሞገድ ላይ አዎንታዊ ምልክት ያሳያል።

ይሁንና ዲሚናዚን ሁልጊዜ አንድ መንገድ አይከተልም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት ሞለኪውሉ ከዲኤንኤና ከአርኤንኤ ድርብ ሰንሰለቶች ጋር ሲተሳሰር የቦይ መቀመጥንም ሆነ በቤዞች መካከል የመሰካትን ባሕርይ እንደሚያሳይ አመልክቷል። «ዲሚናዚን የጠባብ ቦይ ሊጋንድ ነው» የሚለው አገላለጽ እንግዲህ ሙሉ የሚሆነው ቅደም ተከተሉ አብሮ ሲጠቀስ ነው።

የጨው ጉዳይ

አዎንታዊ ሙል ያለው ሊጋንድ ሲተሳሰር በዲኤንኤው ዙሪያ የተሰበሰቡ የሶዲየም አዮኖች ይለቀቃሉ። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት የትስስር ቋሚው ሎጋሪዝም ከሶዲየም መጠን ሎጋሪዝም ጋር ሲነጻጸር፣ ለእያንዳንዱ የሊጋንድ ሙል 0.88 ያህል ይወርዳል፤ ለሁለት ሙል 1.76 ይሆናል። ስለዚህ ሶዲየም ከ10 ወደ 100 ሚሊሞላር ሲጨምር ትስስሩ በ58 እጥፍ ገደማ ሊዳከም ይችላል። ሁለት ውሁዶች በተለያየ የጨው መጠን ተለክተው «ይህኛው ከዚያኛው ሃምሳ እጥፍ ይበልጣል» ቢባል፣ ልዩነቱ ከውሁዶቹ ሳይሆን ከጨው መፍትሔው ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

የሙቀት ልኬት የሆነው ካሎሪሜትሪ እዚህ ላይ ያግዛል። የትስስሩን ሙቀት፣ ጥንካሬውንና የስፍራዎቹን ብዛት በአንድ ሙከራ ስለሚሰጥ የኤንታልፒና የኤንትሮፒ ድርሻ ይለያል። በጠባብ ቦይ ትስስር የውሃና የአዮኖች መለቀቅ የሚያመጣው የኤንትሮፒ ትርፍ ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ድርሻ አለው።

ከትስስር እስከ መድኃኒትነት

ጠንካራ ትስስር ብቻውን ውጤታማ መድኃኒት አያደርግም። በትራይፓኖሶማ ብሩሲ ዲሚናዚን ወደ ሕዋሱ የሚገባው በዋናነት ፒ-2 በተባለ የአዴኖሲን አጓጓዥ ፕሮቲን በኩል ነው፤ አጓጓዡ ሲጠፋ ጥገኛው መድኃኒቱን ይቋቋማል። ዲኤንኤው እንዳለ ነው፤ የመለያያ ቋሚውም አልተለወጠም፤ የተዘጋው በሩ ነው። ከዚህም በላይ የከብቱ የራሱ ዲኤንኤ በአዴኒንና በታይሚን የበለጸጉ ስፍራዎች ስላሉት፣ የመድኃኒቱ መራጭነት በቅደም ተከተል ምርጫ ብቻ ሊብራራ አይችልም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ለትስስር ጥናት ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የትስስር ዓይነት መወሰን ያለበት ቢያንስ በሁለት የተለያየ መሠረት ባላቸው መለኪያዎች ነው፤ ለምሳሌ በዝልግልግነትና በክብ ዳይክሮይዝም። ሁለተኛ፣ የመለያያ ቋሚ ሲቀርብ የጨው መጠን፣ ፒኤች፣ የሙቀት መጠንና የዲኤንኤው ቅደም ተከተል አብረው መጠቀስ አለባቸው፤ ያለእነዚህ ቁጥሩን ማወዳደር አይቻልም። ሦስተኛ፣ በገንዲ ላይ ለሚውል አዲስ ውሁድ የትስስር ልኬቱ ወደ ሕዋስ የመግባት ጥናት ካልተከተለው፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ የመለሰ ይሆናል።