ክር ይጥበቅ፣ ሪባን ይላላ

ልጄ፣ የጨርቅ ቦርሳ ላይ በሪባን አበባ መጥለፍ አምሮኛል ብለሽኛል። ደግ አምሮት ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋልና ከእንግዲህ ገበያ የሚወጣ ሁሉ የጨርቅ ቦርሳ መፈለጉ አይቀርም። የምመክርሽ ግን እዚሁ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሱቅ ውስጥ በሚገኝ ዕቃ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም የሚመጣው ይቀራል፤ እጅ ደግሞ ሥራ መፍታት የለበትም።

1. ቦርሳው ሳይሰፋ ጥለፊ። ብዙ ሰው የተሰፋ ቦርሳ ገዝቶ ይጀምርና እጁን በጠባብ አፍ አስገብቶ ሲታገል ይውላል። ጨርቁን ቁረጪ፣ ስፌቱ የሚያልፍበትን በእርሳስ አስምሪ፣ ከመስመሩ ሦስት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብተሽ ጥለፊ። ጎንና ጎኑ የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። ጥልፉም በአንድ ወገን ብቻ ይሁን፤ በሁለቱም ካደረግሽው አንደኛው ሁልጊዜ ቀሚስሽን እየታከከ ያልቃል።

2. ለመጀመሪያ አቡጀዲ ይበቃሻል። መነን ለቀሚስ ያምራል እንጂ ለቦርሳ ይሳሳል። ሸራና ጅንስ ጠንካሮች ናቸው፤ መርፌው ቢያልፍም ሪባኑን እየላጡ ያበላሹታል። የግድ በሸራ ካልሠራሁ ካልሽ የእናትሽን ወስፌ ተዋሺ። መርፌው ከመግባቱ በፊት በወስፌው ቀዳዳውን ከፈት አድርጊለት፤ ሪባኑ ሳይጨማደድ ያልፋል። ወስፌ ለሰፌድና ለሞሰብ ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው አሉ፤ ይቅር ይበላቸው።

3. ሪባን ስትገዢ በጣትሽ እሺው። እንደ ወረቀት የሚንሿሿው ለስጦታ መጠቅለያ እንጂ ለመርፌ አይሆንም። ለስላሳውን ሳቲን ጠይቂ፤ ስፋቱ ከ3 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያለው ይሻላል። ሰፊውን ገዝቼ ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ አትበይ፤ ጠርዙ ይተረተራል። ቀዩን በተለይ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ፈትጊው። ቀለም ከለቀቀ መልሺው፤ አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት አቡጀዲሽ ሮዝ ይሆናል።

4. ዋናው ነገር እዚህ ነው። በክር ስንጠልፍ አጥብቁ እየተባልን ነው ያደግነው፤ የላላ ክር የሰነፍ ሥራ ነው። ሪባን ግን ከተሳበ ገመድ ሆኖ ይቀራል። ውበቱ ስፋቱ ነውና ጨርቁ ላይ ተኝቶ፣ ትንሽ አየር ይዞ መቀመጥ አለበት። ዓይነ ሰፊ፣ ጫፈ ስል መርፌ ያዢ። ሪባኑን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ቁረጪ፤ ከረዘመ በጨርቁ በተመላለሰ ቁጥር ጠርዙ ይበላል። በመርፌው ዓይን ካሳለፍሽ በኋላ የዚያኑ ሪባን ጫፍ በመርፌው ውጊና ረጅሙን ወገን ሳቢው፤ እዚያው ይቆለፋል፣ አያመልጥሽም። መነሻው ላይ ቋጠሮ አታድርጊ፤ ያብጣል። ከጀርባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዪና በቀጭን ክር ስፊው። ስትጨርሺም እንዲሁ።

5. ጽጌረዳ ሁሉም ይጀምርበታል። እኔ ግን በርበሬ ጀምሪ እላለሁ። ቡሬና ጃቢ ጠህናን የበርበሬ አገር ነው፤ ቅርጹን ዓይንሽ ያውቀዋል። 7 ሚሊ ሜትር ቀይ ሪባን በበርበሬው ራስ በኩል አውጪ። ጨርቁ ላይ ዘርግተሽ በአውራ ጣትሽ አስተኚው። ከዚያ መርፌውን ጎኑ ላይ ሳይሆን ሪባኑ መሐል ለመሐል፣ ጫፉ እንዲሆን በፈለግሽበት ቦታ አስገቢና ከሥር ቀስ እያልሽ ሳቢ። ሁለቱ ጠርዞች ወደ ውስጥ ይጠቀለላሉ፣ ጫፉ ይሾላል። እዚያ ላይ አቁሚ! አንድ ጊዜ ደግመሽ ብትስቢው ሹሉ ጠፍቶ ቀይ ክር ይሆንብሻል። ራሱ ላይ በአረንጓዴ የጥልፍ ክር ቆብና ጭራ አድርጊለት። ሦስቱ ጎን ለጎን፣ አንዱ አጠር ብሎ፣ ቢንጠለጠሉ ቦርሳው ሌላ ጌጥ አይፈልግም።

አደይ አበባም በዚሁ አሠራር ይወጣል፦ ስምንት ቢጫ ቅጠል ዙሪያውን፣ መሐሉ ላይ በብርቱካናማ ክር ቋጠሮ።

6. ጽጌረዳ ካልሠራሁ ካልሽ መጀመሪያ በክር አምስት ጨረር ከመሐል አውጪ። ጎዶሎ ቁጥር መሆን አለበት። ሪባኑን እንደ ሞሰብ መነሻ ከመሐል ጀምረሽ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፍሽ አዙሪው። ቢጠማዘዝ አትፍሪ፣ እንዲያውም ያምርበታል።

7. ገበር አትርሺ። የጥልፉ ጀርባ ሁሉ ሪባን ነው፤ ቁልፍና ሳንቲም ገብተው ይጎትቱታል። ሲቆሽሽ ገልብጠሽ ለብ ባለ ውኃ ንከሪው። አትሺው፣ አትጭመቂው፣ በረኪና አታስነኪው። ካውያ በዙሪያው ይሂድ እንጂ ጥልፉ ላይ አይረፍ።

8. «የፈረንጅ ሥራ ነው» የሚልሽ ይኖራል። እውነት ነው፣ በ18ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የደመቀ ጥልፍ ነው። ታዲያ ምን ይሁን? በርበሬውን የጠለፍሽው አንቺ ነሽ። «እጄ አይታዘዝልኝም» ብለሽ እንዳትተዪው ደግሞ አዲስ አበባ ያለውን አለርትን አስቢ። በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው በዚያ የሕክምና ማዕከል አካባቢ የሥጋ ደዌ ተጎጂዎች ጥልፍ ጠልፈው ይሸጣሉ። በሽታው የጣትን ስሜት እንደሚነሳ ታውቂያለሽ፤ እነሱ ግን መርፌ ይዘዋል።

9. ስለ መሸጥ ጠይቀሽኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቦርሳ አትሽጪ። ገበያ ውጪበት፣ ድንችና ሽንኩርት ይግባበት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠብ። ሪባኑ የቱ ጋ እንደተፈታ፣ የቱ ጋ እንደተላጠ አይተሽ ሁለተኛውን ሥሪ። ዋጋ የምትጠሪው ለሁለተኛው ነው።