መርፌው ዜሮ ላይ ሲቆም

ከጭሮ እስከ ገለምሶ ሬዲዮ ጠጋኞች «ቴስተር» የሚሉት ባለ መርፌ መለኪያ በቤተ ሙከራችንም አለ። ባለፈው ሰሞን እኛ ሰልጣኞች ለልምምድ ማስተማር ስንዘጋጅ አንድ ሶኬት ለካንበት። መርፌው ንቅንቅ አላለም። «መብራት የለም» ብለን ልንፈታው ስንል፣ ለካ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል! በ220 ቮልት ልንጫወት ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ ይዘን ተማሪ ፊት ብንቆምስ?

ስለሆነም ከፈትነው። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው፤ በማግኔት መካከል ያለ ቀጭን ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይዞራል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ ወደ ኋላ ይስበዋል፣ መርፌው ሁለቱ ኃይሎች በሚተካከሉበት ቦታ ይቆማል። አምፔር፣ ቮልትና ኦምን በአንድ ሣጥን የሚለካው «አቮ» በእንግሊዝ አገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው።

የእኛው ፊውዙ ተቃጥሏል። ማዞሪያውን ኦም ላይ ትቶ ሶኬት የነካ ሰው አለ ማለት ነው፤ ማን እንደሆነ አንጠይቅም፣ ሁላችንም ልንሆን እንችላለን። በሽቦ ቁራጭ ልንቋጥረው ስንል መምህራችን ከለከሉን፤ በልኩ ፊውዝ ተካነው።

መርፌው ተነሣ፤ ታዲያ እውነት ይናገራል? አዳዲስ የባትሪ ድንጋዮች ቀጣጥለን በ10 ቮልት ረድፍ ከዲጂታል ቴስተር ጋር ጎን ለጎን ለካን። ዲጂታሉ 3፣ 6፣ 9 ሲል የእኛው 2.8፣ 5.6፣ 8.4 አለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ጉድለቱ በሁሉም ቦታ እኩል ቢሆን ኖሮ የዜሮዋን ብሎን በካቻቪቴ ማዞር ይበቃ ነበር። የእኛው ግን ከቮልቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ስለዚህ ሬዚስተሩን ጠረጠርን። መርፌው ዳር የሚደርሰው በ50 ማይክሮአምፔር ስለሆነ ለ10 ቮልት ጠቅላላው 200,000 ኦም መሆን አለበት፤ የጥቅሉ 2,000 ሲቀነስ ለሬዚስተሩ 198,000 ይቀራል። አንድ እግሩን ፈትተን ስንለካው 212,000 ሆኗል። የካርቦን ሬዚስተር ሲያረጅ እንዲህ ይጨምራል። አዲስ ስላላገኘን 3 ሚሊዮን ኦም የሆነ ሌላ ሬዚስተር በትይዩ በስታኞ በየድንበት፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፣ 198,000 ይመጣል።

ማግኔቱን ግን አትንቀሉ፣ ይደክማል። የብረት ብናኝ ከገባበት በፕላስተር ጫፍ ይለቀማል፤ በአፍ እፍ ማለት እርጥበት ያስገባል።

አሁን ሶኬት ከመለካታችን በፊት ቴስተሩን መብራት እንዳለበት በምናውቀው ሶኬት ላይ እንሞክረዋለን። ዜሮ ቢልም እንኳ ዋናውን ማብሪያ ሳንዘጋ ምንም አንፈታም።