ምዕራፍ ሰባት፦ የጾም ማዕድና የሰውነት ክብደት

በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ የደም ግፊታቸውን ለማስለካት ወደ ጤና ጣቢያ ከሚሄዱት ምእመናን ብዙዎቹ፣ ሥጋውንና ወተቱን፣ ቅቤውንና እንቁላሉን ከተዉ ሳምንታት አልፈው፣ በየዕለቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ እየዋሉ፣ ሚዛን ላይ በወጡ ጊዜ ክብደታቸው እንደ ነበረ ሆኖ፣ አንዳንድ ጊዜም ከቅበላው ሰሞን ጨምሮ ሲያገኙት እጅግ ይገረማሉ። አንዱ ሚዛኑን ይጠራጠራል፤ ሌላው «የቤተሰባችን ጠባይ ነው» ብሎ ነገሩን ለዘር ይሰጠዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጾሙ ያልሠመረለት መስሎት ያዝናል። ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ የምግቡ ዓይነት ተለወጠ እንጂ የምግቡ ኀይል አልቀነሰም።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ጾም በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ለነፍስ የታዘዘ ነውና በኪሎ አይመዘንም፤ አበውም ከጥሉላት መከልከልን ብቻ ሳይሆን ከመብል ብዛት መታቀብን ጭምር ያስተማሩት ስለዚሁ ነው፤ ምንም እንኳ ይህ ሁለተኛው ትምህርት ከዐውደ ምሕረቱ ተነሥቶ ወጥ ቤት እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ቢቀርም። ነገር ግን ሰባቱን አጽዋማት የሚጠብቅ ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀን በጾም ማዕድ ላይ የሚውል ስለ ሆነ፣ ስለ ልቡ ጤናና ስለ ወገቡ ስፋት ማወቅ የሚሻ ሰው በሌላ አገር ለሌላ ማዕድ የተጻፈውን ምክር ከመቃረሙ በፊት፣ የዓመቱን እኩሌታ የሚመገበውን ሽሮና ምስር ጠንቅቆ መመርመር ይሻለዋል።

ስለ ምግብ የሚነገረውን ሁሉ በማነጻጸር መፈተን የዛሬ ሊቃውንት ያመጡት ፈሊጥ እንዳይመስለን፣ በትንቢተ ዳንኤል መጀመሪያ ምዕራፍ የተጻፈውን እናስታውስ። ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ ከንጉሡ ማዕድ ላለመብላት በወሰኑ ጊዜ፣ ለ10 ቀን ጥራጥሬና ውሃ ብቻ እንዲሰጣቸውና ከዚያ በኋላ መልካቸው ከንጉሡ መብል ከሚበሉት ጐልማሶች ጋር እንዲነጻጸር ጠየቁ። ዘመናዊው የምርምር ሥርዓት በዚህ ላይ የሚጨምረው፣ የተፈታኞቹ ቍጥር እንዲበዛ፣ በየትኛው ወገን እንደሚመደቡም በዕጣ እንዲወሰን ማድረግ ነው። የዚያን ፈተና ፍጻሜ ግን ለመክሳት የሚጾሙ ሰዎች ልብ ብለው ማንበብ ይገባቸዋል፤ ጥራጥሬ የበሉት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ወፍረው ተገኝተዋልና።

በዕጣ ከተመደቡት የዘመናችን ፈተናዎች አንዱ፣ ሳይበሉ መቆየት በራሱ ያከሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ ነው። በቻይና በጓንግዡ ከተማ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ይህ ምርምር፣ ከልክ በላይ የወፈሩ 139 ሰዎችን በሁለት ወገን ከፍሎ፣ ለሁለቱም የተቀነሰና እኩል የሆነ የምግብ መጠን ከወሰነ በኋላ፣ አንደኛው ወገን በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲመገብ፣ ሁለተኛው ግን በፈለገው ሰዓት እንዲበላ አደረገ። ከ12 ወር በኋላ የመጀመሪያው ወገን በአማካይ 8 ኪሎ፣ ሁለተኛውም 6.3 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ፤ ልዩነቱም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የማያልፍ ሆኖ ታየ። ሁለቱንም ያከሳቸው የቀነሰው መጠን ነው። ሰዓቱን መጠበቅ መጠኑን ለመቀነስ ለሚረዳው ሰው መልካም ነው፤ ቀኑን ውሎ በዘጠኝ ሰዓት የቍርሱን፣ የምሳውንና የእራቱን በአንድነት ለሚያወራርድ ሰው ግን ምንም አይፈይድም።

ይህን ስል የጾም ምግብ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። በግሪክ አገር በቀርጤስ ደሴት የቤተ ክርስቲያናቸውን ጾም የሚጠብቁ 60 ምእመናንን ከማይጾሙ 60 ሰዎች ጋር ለአንድ ዓመት ያነጻጸረ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ በጾሙ ፍጻሜ የጾሙት ሰዎች ኮሌስትሮል 12 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል፤ ክብደታቸው ግን ከቁመታቸው ጋር ተሰልቶ ሲታይ የወረደው በ1.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሚዛኑ ምንም ሳይናገር ደማችን ሊሻሻል ይችላል፤ በሚዛኑ የሚያዝነው ሦስተኛው ሰው ይህን ቢያውቅ ይጽናናል።

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ እንግባ። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኀይል ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ቅባት ግን፣ በፍስክ ከቅቤ ይምጣ በጾም ከኑግ ይጨመቅ፣ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። እንግዲህ በየወሩ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ዘይት የሚገዛ አምስት ነፍስ ያለበትን ቤት እንውሰድ፤ በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ዘይት 4.6 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ከ40 ሺህ ኪሎ ካሎሪ በላይ ይዟል፤ ይህም ለአምስት ሰው በ30 ቀን ሲካፈል ለእያንዳንዱ በቀን 270 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይደርሰዋል። ያው ጀሪካን በሑዳዴ ወራት፣ ጧት ፍርፍር፣ ቀን ሽሮ፣ ማታ ፓስታና የድንች ጥብስ ሲሠራበት በ15 ቀን ካለቀ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 540 ሆነ ማለት ነው፤ እርሱም ለመካከለኛ ሰው ከሚበቃው የቀን ኀይል ሩብ ያህል፣ አንድም ጉርሻ እንጀራ ሳይቈጠር፣ ከዘይት ብቻ የተገኘ ነው። የቤቱ እመቤት ጀሪካኑ በተከፈተበት ዕለት ቀኑን በመለያው ወረቀት ላይ ብትጽፍና ባለቀ ጊዜ ብትቈጥረው፣ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ የበለጠ ታማኝ መለኪያ በእጇ አለ።

ዘይቱን ለመቀነስ የሙያችን ሥርዓት ራሱ መንገድ አዘጋጅቶልናል። የድሮ ባለሙያዎች ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ ጠብ ጠብ በሚደረግ ሙቅ ውሃም እየታገዘ በደንብ ካቁላሉት በኋላ ነው ዘይት የሚጨምሩበት፤ ይህን ያህል የተቁላላ ሽንኩርት ዘይቱ ቢቀንስበትም ጣዕሙ አይጐድልም። ችግሩ ዘይቱ ከላይ ካልተንሳፈፈ ወጡ የበሰለ የማይመስለን መሆኑ ላይ ነው፤ ይህም የዓይን ልማድ ስለ ሆነ በጥቂት ሳምንት ይለወጣል። ለቤተሰቡ በአንድ ድስት የሚገባውን ዘይት ከጀሪካኑ በቀጥታ ከማንቆርቆር ይልቅ በማንኪያ እየለኩ መጨመር ብቻውን ብዙ ያተርፋል። ስለ ዘይቱ ዓይነትም አንድ ቃል ልጨምር፤ በብርድ ጊዜ የሚረጋው የፓልም ዘይት እኩሌታው ገደማ እንደ ቅቤ ያለ የሚረጋ ስብ ሲሆን፣ የኑግና የሱፍ ዘይት በአብዛኛው የማይረጋ ስለሆነ ለልብ ይመረጣል፤ በማወፈር ግን ሁሉም እኩል ናቸው።

ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላውና ሽምብራው የሚነቀፉ አይደሉም። በደረቁ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ፕሮቲን የያዙ፣ በአሰርም የበለጸጉ ስለሆኑ ሆድን ረዘም ላለ ጊዜ ያጠግባሉ፤ ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር በአንድ ማዕድ ሲቀርቡም የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል። በእኔ አስተያየት ከጾም ምግቦቻችን ሁሉ የጸሎተ ሐሙሱን ጉልባን የሚተካከል የለም፤ የባቄላ ክክና ስንዴ ያለ አንዳች ዘይት የተቀቀለበት ነውና። በዚያ ዕለት ጨዉ በዛ ማለቱ የሥርዓቱ ምሥጢር ነው፤ በሌላው ቀን ግን ጨዉን ቀንሶ ንፍሮውንና ጉልባኑን የዘወትር ምግብ ማድረግ የሚከለክለን የለም። የጾም ኬክ፣ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ግን ከጥሉላት ነጻ ስለሆኑ ብቻ ከዘይት፣ ከስኳርና ከፉርኖ ዱቄት ነጻ የሆኑ ሊመስሉን አይገባም። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ሳምቡሳ ለሚደረድሩ ሙስሊም ወገኖቻችንም ነገሩ ያው ነው።

ስኳር በጾም ወራት የሚጨምረው ሳይታወቅ ነው። በየሲኒው ሁለት ሁለት ትንንሽ ማንኪያ ስኳር እየጨመረ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን የጠጣ ሰው ወደ 24 ግራም ስኳር ወስዷል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለጤና እጅግ የሚበጀው ብሎ የሚመክረው ደግሞ በቀን ከ25 ግራም ገደማ እንዳያልፍ ነው። ሻዩና ለስላሳው ገና አልተቈጠረም፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ያህል አለው። ቡናን የሚከለክል ሐኪም እንዳልመስላችሁ፣ ሦስቱንም መጠጣት ይቻላል፤ ማንኪያውን ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድም ወደ ምንም ማውረድ እንጂ። ደም ማነስ ያለባቸው ሴቶች ግን ቡናውንና ሻዩን ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያህል ቢያርቁት፣ በጐመኑና በምስሩ ላይም ሎሚ ቢጨምቁበት፣ ከእህሉ የሚያገኙት የብረት ማዕድን የተሻለ ይሆናል።

ጨውን በሚመለከት የአገራችን ጉዳይ አሳሳቢ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ልክ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ልክ የማያልፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት አማካዩ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲወጣ ደግሞ ምንም እንዳልገባበት ሁሉ እንደ ገና ይጨመርበታል።

በጧት በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ዝንጅብል፣ የተልባ ውሃ፣ ኮምጣጤ ጠጥቶ ቦርጭን ማቅለጥ ስለሚባለው ነገር ረጅም ቃል ማባከን አልፈልግም፤ ስብን የሚያቀልጥ መጠጥ የለም።

ብዙ ሰው «እኔ እኮ የምበላው ትንሽ ነው» ሲል የሚዋሽ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ዮርክ፣ ምግባቸውን ቀንሰው እንኳ መክሳት እንዳቃታቸው የሚናገሩ ሰዎች በጥንቃቄ በተለኩ ጊዜ፣ የሚበሉትን 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውንም 51 በመቶ አግንነው ሲናገሩ ተገኝተዋል፤ የሰው ትዝታ በጉርሻ ላይ ደካማ ነውና። በአንድ ትሪ ዙሪያ እየተጎራረሰ ለሚበላ ሕዝብ ቍጥሩን መያዝ የባሰ አስቸጋሪ ነው፤ እንግዳ ተቀባይነታችንንም እንዳናጐድል፣ ለመክሳት የሚፈልግ ሰው እንጀራውን አስቀድሞ ለይቶ በራሱ ሳሕን ቢያነሣ፣ ጐመኑንና ፎሶሊያውን ቢያበዛ ማንንም አያስቀይምም።

ከዚያም ፋሲካ ይመጣል። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት በዓለ ሃምሳ ስለሚቀጥል፣ በሑዳዴ የተገኘ ጥቂት ቅነሳ ቢኖር እንኳ በዶሮ ወጡ፣ በክትፎውና በድግሱ መካከል ይጠፋል። በበዓሉ ማግስት ሚዛን ላይ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ያየ ሰው ግን አይደንግጥ፤ አንድ ኪሎ ስብ ለማከማቸት ከሚያስፈልገው በላይ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ መብላት ስለሚጠይቅ፣ በአንድ ቀን የመጣው ጭማሪ አብዛኛው ጨዉ የያዘው ውሃ ነው። መመርመር ያለበት በሃምሳው ቀን ፍጻሜ የቀረው ነው።

ግቡም ሊደረስበት የሚችል ይሁን። በአሜሪካ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ታላቅ ምርምር፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ በእግር የመሄድን ያህል ለመንቀሳቀስ የተመከሩት ወገኖች፣ በሽታው የሚይዛቸው መጠን በ58 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ በመድኃኒት የተረዱት ደግሞ በ31 በመቶ። ለ80 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም።

በመጨረሻ ለጥቂቶች የሚሆን ነገር ግን የማይዘለል ማሳሰቢያ አለ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ የስኳር ሕሙማን፣ መድኃኒቱን ወስደው ሳይበሉ ከቆዩ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ሑዳዴ ከመያዙ ከሳምንታት በፊት ሐኪማቸውን አማክረው የመድኃኒታቸውን መጠንና ሰዓት ያስተካክሉ፤ እነርሱም ሆኑ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ከንስሓ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ጾሙን የምታቀልበት ሥርዓት አላትና።